አሮጌው ዲስክ ላይ የቀረው ቃል

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ግጥም እንደምጽፍ የሰማ የእድራችን ጸሐፊ አንድ ቀን በሬን አንኳኩቶ፣ «አማርኛው ያምራል ይሉሃል፤ ነገ ስድስት ሰዓት ቀብር አለብን» አለኝና በዚያው ቀረ። የት ተወለዱ፣ ምን ሠሩ፣ ስንት ልጅ አፈሩ፤ አንድ ገጽ ተኩል። ልጆቹ እያለቀሱና እየተሻሙ የሚነግሩኝን አስተካክልና መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ግጥም ጣል አደርጋለሁ። ሰው ደረቱን የሚመታው እነዚያ ሁለት መስመሮች ላይ ስለሆነ በልቤ እኮራባቸው ነበር።

በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ ግን አይጻፍም። ይህን ሕግ ያወጣው የለም፣ የማያውቀውም የለም። ቆሞ የሚሄድን ሰው የቀብር ንግግር ማዘጋጀት ሟርት ነው። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ጋሼ ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ፣ ማለትም ጉልበታቸው እስኪከዳቸው፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ባለጉዳዩ ችግሩን ያወራል፣ እሳቸው በታይፕ ይመታሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን መዝዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው ያነቡለታል። «ያልከው ይኸው ነው?» ይላሉ። ሰውየው «አዎ» ካላለ አያስረክቡም። ትንሽ ልጅ ሆኜ በዚያ ሳልፍ ቆሜ እሰማቸው ነበር። ሰው የገዛ ቃሉ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን መሆን እዚያ ነው ያየሁት።

ባለፈው የክረምት መውጫ ደረጃው ሥር አስቆሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ የኔን ጻፍልኝ።»

«የምን ጋሼ?»

«የቀብሩን ነዋ።»

«ኧረ በስመአብ! ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ስሆንማ ልጆቼ ይነግሩሃል፣ አንተ ታሳምረዋለህ። እኔ መሳመር አልፈልግም። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትመታለህ። አንዲት ቃል አትጨምርም። ያቺን ግጥምህንም ለራስህ።»

ሦስት ከሰዓት በኋላዎች ፈጀብን፤ ባለቤታቸው እትዬ ወደ ተክለ ሃይማኖት ለገበያ የሚወጡባቸው ቀናት። የተናገሩት እንደ ማመልከቻ ነበር። «እኔ አመልካች ከዚህ በታች የተገለጸውን በእውነት አመለክታለሁ» ብለው ሲጀምሩ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። በስልክ ልቅዳ ብላቸው እምቢ አሉ። «ሁለት ቦታ ያለ ነገር የሰው ሁሉ ነው። እዚያ መኪናህ ላይ ብቻ ይሁን።» መኪና የሚሉት ላፕቶፔን ነው።

በሦስተኛው ቀን ነው ለምን እንደፈለጉኝ የገባኝ። ብዙ ዓመት ሆኖታል አሉ፤ አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት ከባሏ ጋር በቤት ተካስሳ መጣች። እናቷን ልታስታምም ሦስት ወር ከቤት መውጣቷን ነገረቻቸው። ጋሼ ነገሩ ቀዘቀዘባቸውና፣ ዳኛ እንዲያዝንላት ብለው፣ «ባለቤቴ ደብድቦ ስላባረረኝ» የምትል ጨመሩ። ዝናብ ነበር፣ ሰልፍ ነበር፣ አላነበቡላትም። ዳኛው ሲጠይቋት «ኧረ እሱስ እጁን አንስቶብኝም አያውቅ» አለች። ማመልከቻዋ ሐሰት ነው ተባለ፤ ቤቱም ለባሏ ሆነ። እስከዛሬ አፏ እንደከዳት፣ የተሳሳተችው እሷ እንደሆነች ነው የምታምነው። ይህች ሴት ዛሬም እዚሁ ልደታ ትኖራለች። የጋሼንና የእትዬን ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። ጋሼ የፈለጉት በቀብራቸው ላይ፣ እሷ በተቀመጠችበት፣ ይህ በራሳቸው ቃል እንዲነበብ ነው።

«ሐሙስ መጥተህ አንብብልኝ» አሉኝ። «እስክሰማው ድረስ የኔ ቃል አይደለም፤ የአንተ ጽሕፈት ነው።»

ፋይሉን ደበቅኩት። ላፕቶፔን የአክስቴ ልጆች ስለሚነካኩት፣ የኳስ ጌም የነበረበት ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ከፍቼ የማይረባ ስም ሰጠሁትና እዚያ ከተትኩት። በቁም ያለ ሰው የቀብር ታሪክ እጄ ላይ ቢገኝ ምን እላለሁ?

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎናቸው ደረቀ፣ አንደበታቸው ተዘጋ።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም። ፍርሃት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩባቸው። ሆስፒታል በነበሩባቸው ቀናት ደረጃ በወረድኩ ቁጥር እትዬ ከዓይኔ ያነቡብኛል ብዬ መሬት መሬት እያየሁ አልፍ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ላነብላቸው ላፕቶፑን ከፈትኩ። ድሮም ተኝቶ የሚነሳ ማሽን ነው፤ አብርቼው ዳቦ ገዝቼ እመለስ ነበር። አሁን ግን ከሆዱ ድምፅ ይወጣል፤ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም። ፋይሉን ስጫነው ሰማያዊዋ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ስክሪኑ ነጣ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ለሚያውቅ ጓደኛዬ ድምፁን በስልክ ባሰማው፣ «ጀለሴ፣ በቃ አታብራው» አለኝ። «ሃርድ ዲስክህ እያጣጣረ ነው። ባበራኸው ቁጥር ዕድሜውን እየቆረጥክበት ነው። አዲሱን ዓይነት ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ አስገባለትና ውስጡ ያለውን አስገልብጥ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ላፕቶፑን የተሸከምኩት እንደ እንቁላል ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጉድጓድ በነካን ቁጥር ጭኔ ላይ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ሕፃን ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሜክሲኮ አንድ ሕንፃ ሥር፣ ከደረጃ በታች፣ አንዲት ወጣት የላፕቶፕና የስልክ ጠጋኝ አለች። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው። ሁለተኛው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእድራችን ለፋፊ። ሰው ሲሞት ድምፅ ማጉያ ይዞ በየብሎኩ የሚዞረው እሱ ነው። ከአባቴ እኩያ ቢሆንም አንቱታ አይወድም። የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ሊያስቀይር መጥቷል።

«ገጣሚው! ምነው፣ ሥራ አለ እንዴ?» አለኝ። ሥራ የሚለው ቀብር ነው።

«የለም፣ የለም» አልኩ፣ ቶሎ ብዬ።

ልጅቷ ላፕቶፑን ገለበጠችው። በትንሽ ካቻቢቴ ብሎኖቹን እየፈታች እንደ ምስር በክዳን ላይ ደረደረቻቸው። ክዳኑን አንስታ ጆሮዋን አስጠጋችና ለአፍታ አበራችው።

«ይሄ ዲስክ እየሞተ ነው።»

«ማን ሞተ?» አለ ለፋፊው ከጎኔ።

«ዲስክ ነው አባባ፣ አይለፈፍም» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ላብ አጠመቀኝ።

አዲሱን ኤስኤስዲ አሳየችኝ። የመታወቂያ ያህል ቀጭን፣ ቀላል ነገር፤ ውስጡ የሚዞር የለም፣ ድምፅ የለም። አሮጌው ግን እጄ ላይ ሲያርፍ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። አዲሱ ግማሹን እንኳ ስለማይዝ፣ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም አለችኝ።

«ምን ምን ልያዝልህ?»

«ዴስክቶፕ ላይ ያለውን። ግጥሞቼን። ፎቶ።»

«ሌላስ?»

ለፋፊው አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ያያል።

አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? የኳስ ጌም ፎልደር ውስጥ ገብተሽ ያልሞቱ ሽማግሌ የቀብር ታሪክ አውጪልኝ? በዚያ ሰው ፊት? እስከ ማታ በልደታ ብሎኮች ሁሉ ይዞርና እትዬ ጆሮ ይደርሳል።

«ሌላ የለም» አልኩ።

«ጌሙን አትፈልገውም አይደል?»

«እ… አሮጌውን ትሰጪኛለሽ አይደል?»

«ኬዝ ውስጥ ከትቼ። እንደ ፍላሽ ትጠቀምበታለህ፣ እስኪሞት።»

ይህን ስሰማ ልቤ ቦታው ተመለሰ። አሮጌው ከነሆዱ እጄ የሚገባ ከሆነ ፋይሉን ብቻዬን ሆኜ አወጣዋለሁ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ስምንት ሰዓት ተመለስ አለችኝ።

ሰፈር ስደርስ እትዬ በረንዳ ላይ ቆመው ነበር። በእጃቸው ጠሩኝ።

«አንተን ነው የሚፈልገው መሰለኝ» አሉኝ። «ግራ እጁን እንዲህ እንዲህ ያደርጋል።» በጣታቸው አየሩን ወጋ ወጋ አደረጉ። ታይፕ መምታት ነበር። «ላፒስ ሰጠሁት፣ ወረወረው። ወረቀት ሰጠሁት፣ ወረወረው። ከዚያ ወደ ፎቅ፣ ወደ እናንተ ቤት ጠቆመ። ምን ቀረህ ከሱ ጋር?»

«የ… የምናነበው ነገር ነበር።»

«ታዲያ አንብብለታ! ሐኪሙ እንደሆነ ሌላ ቢደገም አያድርግ ነው ያለን።»

ስምንት ሰዓት ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ ስልኬ አየሁ፣ ሦስተኛው ላይ ተነሥቼ ሄድኩ። በቅዱስ ልደታ በኩል አድርጌ ወደ ሜክሲኮ በእግሬ። ድምፅ ማጉያ የሰማሁ በመሰለኝ ቁጥር እቆማለሁ። አንዴ ባቄላ ሻጭ ነበር፣ አንዴ የካርድ ማስታወቂያ።

ላፕቶፑ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ልጅቷ «አብራው» አለች እየኮራች። ነካሁት፤ ትንፋሼን ሳልጨርስ ተከፈተ። ስንት ዓመት ዳቦ እየገዛሁ የጠበቅኩት ማሽን! ግጥሞቼ እንዳሉ ናቸው፣ ፎቶዎቹም አሉ። ለፋፊው ሄዷል። ሱቁ ባዶ ነው። አሁን እናገራለሁ አልኩ።

«ያ አሮጌው ዲስክስ?»

በጠረጴዛዋ ጥግ ከእሷ ላፕቶፕ ጋር በገመድ የተያያዘውን ጥቁር ሳጥን አሳየችኝ። «አለቀ። ፎርማት አድርጌ አጸዳሁልህ።»

«ምን አደረግሽው?»

«አጸዳሁት። ሁሌም ነው የማጸዳው፤ ከነቫይረሱ ስሰጥ በሳምንቱ መልሰው ያመጡብኛል።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ስዞር የሌላ ላፕቶፕ ብሎኖች ያሉበትን ክዳን በክርኔ እንደመታሁት፣ ብሎኖቹም ሲሚንቶው ላይ ሲንኮለኮሉ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ፊቴን አየችው።

«ምን ነበረበት?»

ነገርኳት። ሁሉንም፤ ሴትየዋን ጭምር፣ ስም ሳልጠራ። ጠዋት ልናገረው ያፈርኩትን ለማላውቃት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

«ወንድሜ፣ "ሌላስ?" ብዬ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ለፋፊው ነበረ።»

«ለፋፊ ፈርተህ ሰውዬውን ገደልካቸው።» ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። «ይቅርታ። ቆይ። አትንካው። ላዩን ነው ያጸዳሁት፤ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ከሥር ሊኖር ይችላል። ግን ዲስኩ ራሱ ደካማ ነው። መሃል ላይ ቢቆም እኔን እንዳትወቅስ።»

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስጀመረች። አንዲት አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሄድ ጀመረች። ሳጥኑ ውስጥ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ። ዝም ሲል መስመሯ ትቆማለች፣ እኔም መተንፈስ አቆማለሁ። ጠቅ ሲል ሁለታችንም እንሄዳለን።

መስመሯ ግማሽ ሳትደርስ መብራት ጠፋ። ከደረጃ በታች ያለ ሱቅ በቀንም ይጨልማል። የእሷ ላፕቶፕ በባትሪው ቀጠለ፤ ያ ደካማ ዲስክም ከዚያው ባትሪ እየጠባ ነው። ልጅቷ የስክሪኑን ብርሃን ወደ መጨረሻ ቀነሰችው። ሌላ ደንበኛ መጥቶ «ቻርጅ ሶኬት ትሠሪያለሽ?» ሲላት፣ «ነገ፣ ነገ፣ ሰው እያተረፍኩ ነው» አለችው። ሰውየው ጨለማውንና እኛን አይቶ ሄደ።

ፋይሎቹ መምጣት ጀመሩ። ስማቸው ጠፍቷል፤ ሁሉም ቁጥር ናቸው። በደበዘዘው ስክሪን ላይ አንድ በአንድ መክፈት ጀመርን። ሟቾቼ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርናቸው መምህርት፣ ባለ ጋራዡ፣ መንታ እናት። ከሁሉም ሥር የእኔ ሁለት መስመሮች። አብሬ ሳያቸው የሆነ ነገር አስተዋልኩ፤ ሦስቱ ላይ ያው አንድ ስንኝ ነው፣ ስም ብቻ ቀይሬ። ልጅቷም አየችው፤ ቶሎ ብላ ወደሚቀጥለው ፋይል አለፈች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

«መጀመሪያው ምን ይላል የሳቸው?»

«"እኔ አመልካች" ነው የሚለው።»

በዚያ ቃል ፈለገችው። አንድ ተገኘ። አንገቴን አስረዝሜ አነበብኩ፤ እሳቸው ናቸው። ልደታቸው፣ ታይፕ የተማሩበት፣ ትዳራቸው። ከዚያ፣ አራተኛው ገጽ ላይ፣ «ሥራዬን በተመለከተ አንድ ያላመለከትኩት» ይልና ይቆማል። ከዚያ በታች ነጭ ነው። የሁለተኛው ቀን ቅጂ ነበር።

እዚያ ጨለማ ውስጥ የመጣብኝን ሐሳብ እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የቀረውን ራሴ ልጽፈው እችላለሁ። ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ የአነጋገራቸውን ምት አውቀዋለሁ። እሳቸው መናገር አይችሉም፤ ሴትየዋ ማንበብ አትችልም። ማን ያውቃል? ደግሞስ ለመልካም ነው። ጣቶቼ ሞቁ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር በራሷ ጊዜ መጣችልኝ፤ ምን ትደረግ፣ እሳቸው ከተናገሩት ይልቅ ታምር ነበር። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። ዲስኩን አይደለም፤ ራሴን።

«ባትሪው ሊያልቅ ነው» አለች ልጅቷ። «ላቁመው?»

«አታቁሚው።»

ጠቅ። ዝም። ዝም። መስመሯ ጫፍ ላይ ቆማለች። ጠቅ። ሁለት ቁጥሮች ብቅ አሉ። የመጀመሪያው ፎቶ ነበር። ሁለተኛውን ከፈተችው፤ «እኔ አመልካች»። እጇን ይዤ ወደ ታች ወሰድኩት፤ አራተኛ ገጽ፣ አምስተኛ ገጽ። «ዝናብ ነበር» የሚለው አለ። የሴትየዋ ስም አለ። ወደ እኔ ላፕቶፕ አሻገረችው። ሳጥኑን ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት፤ ከዚያ በኋላ ጠቅ ያለ አልመሰለኝም።

ጋሼ ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ከደረቀው ጎናቸው ትራስ ተደግፎላቸው ቀና ብለዋል። እትዬ እግራቸውን በቅባት ያሹላቸዋል።

«እትዬ፣ ትንሽ ብቻችንን ብንሆን…»

«ምን ልትደባበቁ? የማገላብጠው እኔ ነኝ፤ ከእኔ የተሸሸገ ጎን የለውም። አንብብ።»

ጋሼን አየኋቸው። አንደኛው ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል፤ ሌላው እኔ ላይ ነው። ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ወጋ፣ ወጋ አደረገ።

ላፕቶፑን ከፈትኩት። ድሮ ቢሆን እስኪነሳ ድረስ የማስብበት ጊዜ ነበረኝ፤ ውሃ ስጡኝ እላለሁ፣ ነገ እመጣለሁ እላለሁ። አሁን ግን ክዳኑን ሳነሳ ጽሑፉ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ማንበብ ጀመርኩ። ልደታቸው ላይ እትዬ ፈገግ አሉ። ትዳሩ ላይ «አይ አንተ ሰውዬ፣ ይህንንም አስጽፈሃል?» ብለው ጉልበታቸውን ቸብ አደረጓቸው። አራተኛው ገጽ ደረሰ። ልዝለለው? አንድ ገጽ መዝለል ምንም አይደለም፤ ጣት አንዴ ማንሸራተት ነው። የጋሼ ዓይን ግን ከከንፈሬ አልተነሳም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲነበብለት ያዩ ሰው ናቸው፤ የተዘለለ ቦታ ያውቃሉ።

«ዝናብ ነበር። ሰልፉም ረጅም ነበር። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም ነበር። ያላለችውን ጨመርኩባት፤ አላነበብኩላትም…»

የእትዬ እጅ እግራቸው ላይ እንዳለ ቆመ። ስሟ ጋ ስደርስ እትዬ ቀና ብለው በረንዳውን አዩ፤ በገመዱ ላይ በዚያ ሳምንት እሷ ያጠበችው የጋሼ ሸሚዝ ተሰጥቷል። እኔ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «በእውነት አመልክቻለሁ» ይላል መጨረሻው። ማናቸውንም ማየት አልቻልኩም።

እትዬ እጃቸው ላይ ያለውን ቅባት በነጠላቸው ጠረጉት።

«ድገመው» አሉኝ።

«እትዬ…»

«ከዝናቡ ጀምሮ። ድገመው።»

ጋሼን በዓይኔ ጠየቅኳቸው። ጣታቸው ብርድ ልብሱን አንዴ መታ። ወደ ላይ ተመለስኩና፣ «ዝናብ ነበር» ብዬ ጀመርኩ።